ሣልስና ኃምስ በስልክ ላይ ይለዩ፦ ስለ ኦንላይን ኮርሶች ፎንት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ትምህርት ሚኒስቴርና ለክልል ትምህርት ቢሮዎች፣ የዲጂታል ትምህርት ይዘት ክፍሎች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ በአማርኛ ለሚዘጋጁ የኦንላይን ኮርሶች የፎንት መስፈርት እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ክቡራትና ክቡራን፣

«ሚሊሜትር» የሚለውን ቃል ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፉትና ተመልከቱት። ሚ እና ሊ ሣልስ ናቸው፣ ሜ ደግሞ ኃምስ። ሣልሱ ከግርጌው የወጣች አጭር ሰረዝ አለችው፤ ኃምሱ በዚያው ቦታ ትንሽ ቀለበት አለው። ልዩነቱ ይኸው ነው። ይህንኑ ቃል በርካሽ ስልክ፣ ፒክሰል በሚባሉ 12 የስክሪን ነጥቦች ቁመት፣ በደማቅ ፎንት ስታዩት የቀለበቱ ቀዳዳ ይደፈናል። የተደፈነ ቀለበት ጉብታ ነው፤ ጉብታና አጭር ሰረዝ ደግሞ በትንሽ ስክሪን ላይ አይለዩም። ቃሉን የሚያውቅ ሰው ገምቶ ያልፋል። ተማሪው ግን ቃሉን የሚያገኘው ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ነውና የሚገምትበት ነገር የለውም። «ሜሊሚትር» ብሎ አንብቦ፣ እንደዚያው ጽፎ፣ ስህተት ይባልበታል።

ሌላው አደጋ ከፊደሉ ራስ ላይ ነው። ሰ ላይ አንዲት አግድም ሰረዝ ስትደረብ ሸ ይሆናል፤ ተ ቸ፣ ነ ኘ፣ ደም ጀ ይሆናል። ጠ እና ጨም የሚለያዩት በትንሽ ጭማሪ ነው። ስለዚህ «ሰጠ» እና «ሸጠ»፣ «ደመረ» እና «ጀመረ»፣ «ዳና» እና «ዳኛ»፣ «ጣት» እና «ጫት» አንዲት ቀጭን ምልክት ብቻ የምትለያቸው ቃላት ናቸው። በሒሳብ ጥያቄ ውስጥ «ከ12 ብርቱካን 5ቱን ሰጠ» እና «ከ12 ብርቱካን 5ቱን ሸጠ» ሲባል፣ ሁለተኛውን ያነበበ ልጅ ዋጋ ይፈልጋል፤ ዋጋ ሲያጣ ጥያቄው የጎደለ ይመስለዋል። ራብዕም የራሱ ጣጣ አለው፤ «በል» ን ከ«ባል» የሚለየው የእግር ርዝመት ነው።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው የግዕዝ ፊደል ፎንት የምንሠራ፣ የትምህርት ድረ ገጽ የምንገነባና የኮርስ ይዘት የምናርም ባለሙያዎች ነን። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ፎንት ኮርሱ ካለቀ በኋላ ዲዛይነሩ ደስ ያለውን የሚያለብሰው ጌጥ መሆኑ ይቅር። ይዘቱ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ የሚወሰን፣ ከኮርስ አዘጋጁ ጋር በሚፈረመው ውል ውስጥ የሚገባ መስፈርት ይሁን። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱ በጥድፊያ ወደ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ቴሌግራም ሄደ። በዚያ ጥድፊያ የተሠራውን መውቀስ አይገባም። ዛሬ ግን ኮርሶች የሚሠሩት በዕቅድና በበጀት ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እናንሣ። ስለ ፎንት አመራረጥ የሚገኘው ምክር በአብዛኛው ለላቲን ፊደል የተጻፈ ነው። የላቲን ትንንሽ ፊደላት አንዳንዶቹ ወደ ላይ፣ አንዳንዶቹ ወደ ታች ስለሚወጡ ቃሉ በጥቅሉ የራሱ ቅርጽ ይኖረዋል። የእኛ ፊደል ግን ቁመቱ ተቀራራቢ ነው። ቃሉ ከሩቅ ሲታይ እንደ ተደረደረ ግንብ ነው፤ የሚለየው በውስጡ ባሉት እግሮች፣ ራሶችና ቀለበቶች ነው። ስለዚህ አንድ የአማርኛ ፎንት ለትምህርት ይሆናል አይሆንም ለማለት የምንመለከታቸው ነጥቦች ሌሎች ናቸው፦ የኃምስ ቀለበት ቀዳዳው ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ? የሸ፣ የቸና የኘ የራስ ሰረዝ ከታችኛው አካል ጋር ሳይጣበቅ ይቆማል? የራብዕ እግር ልዩነት በግልጽ ይታያል? የመ፣ የወ፣ የቀና የፀ ውስጥ ክፍት ነው?

የቀለበቱን ነገር በቁጥር ብናየው ይቀላል። ቁመቱ 16 ፒክሰል የሆነ ፊደል ቀለበቱ የቁመቱን አንድ አምስተኛ ያህል ቢይዝ 3 ፒክሰል ገደማ ይደርሰዋል። ለቀለሙ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ፒክሰል ሲሰጥ ለቀዳዳው የሚተርፈው 1 ብቻ ነው። ቁመቱ ወደ 11 ሲወርድ ቀለበቱ 2 ፒክሰል ይሆንና ቀዳዳ የሚባል ነገር አይኖርም። ውድ ስልኮች በዚያው ስፋት ብዙ ነጥብ ስለሚያሰልፉ ችግሩ ይሰወራል፤ በአሮጌ የላፕቶፕ ስክሪንና በተጨመቀ ቪዲዮ ላይ ግን በግልጽ ይወጣል። ኮርሱን የሚያጸድቀው ሰው ጥሩ ስልክ ስለያዘ ብቻ ችግሩ ሳይታይ የሚያልፈውም በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ፎንቶቹ እንለፍ። ለዋናው ጽሑፍ የምንመክረው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነው። ሰረዞቹ ተመጣጣኝ ውፍረት ስላላቸው በትንሹም አይጠፉም፤ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ዘጠኝ ውፍረት አለው፤ ፈቃዱም ነፃ ነው። ለርእስ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ አብሮት ይሄዳል። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የብራና ጽሕፈትን ውበት የያዘ፣ በጥንቃቄ የተሠራ ፎንት ነው፤ በትልቅ መጠንና በኅትመት እንወደዋለን። ነገር ግን የብዕር ጽሕፈት ውበቱ የወፍራምና የቀጭን ሰረዝ መፈራረቅ ስለሆነ፣ ቀጭኑ ሰረዝ በትንሽ ስክሪን ላይ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ከ20 ፒክሰል በታች ለረጅም ንባብ አንመክረውም። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ፎንት ሲሆን በብዙ መሥሪያ ቤት ፋይሎች ውስጥ አሁንም አለ። በዊንዶውስ 10 ግን አብሮ የሚጫን መሆኑ ቀርቶ በተጨማሪነት የሚወርድ ሆኗል፤ በዚያ ቦታ የሚታየው ኢብሪማ ነው። ስለዚህ በኒያላ የተሰናዳ ስላይድ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት በኢብሪማ ይታያል፤ ስፋቱ ስለሚለያይ መስመሩ ይሰበራል፣ ጽሑፉም ከሳጥኑ ይወጣል። ማክ ላይ ደግሞ ከፋ የሚባለው ፎንት አለ።

ከዚህ የሚከተለው ትልቁ ነጥብ ይህ ነው፦ በተማሪው መሣሪያ ላይ ያለውን ፎንት አትመኑ። ገጹ ፎንቱን ይዞ ይምጣ። አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። የፎንቱን ፋይል ዎፍ 2 በሚባለው የተጨመቀ ቅርጽ አድርጋችሁ ኮርሱ ባለበት ሰርቨር ላይ ታስቀምጡታላችሁ፤ የገጹን መልክ በሚወስነው የስታይል ፋይል ውስጥ ትጠሩታላችሁ፤ ፎንቱ እስኪደርስ ጽሑፉ በመሣሪያው ፎንት እንዲታይ፣ ሲደርስ እንዲተካ ታዛላችሁ። ይህ ትእዛዝ ከተረሳ ኔትወርክ በደከመበት ቦታ ተማሪው ለጥቂት ሰከንዶች ባዶ ገጽ ያያል። ፎንቱን ከውጭ ድርጅት ሰርቨር በቀጥታ መጥራትም ይቻላል፤ ነገር ግን ኮርሱ በትምህርት ቤቱ የውስጥ ኔትወርክ ብቻ ሲከፈት ፎንቱ አይመጣም። በራሳችሁ ሰርቨር ይሁን። የኖቶና የአቢሲኒካ ፈቃድ ይህን ይፈቅዳል፤ የፈቃዱን ጽሑፍ አብሮ ማስቀመጥ ይበቃል። ዳታ ለመቆጠብ ሁለት ውፍረት፣ ማለትም 400 ለጽሑፍና 700 ለርእስ፣ በቂ ነው። ዘጠኙንም መጫን የተማሪውን ገንዘብ ማባከን ነው።

የፎንቶቹ ቅደም ተከተልም ትርጉም አለው። የላቲን ፎንት ቀድሞ ከተጠራ አሃዞቹ፣ ቅንፎቹና በቃላት መካከል ያለው ክፍተት ሳይቀር ከላቲኑ ይወሰዳሉ፣ ፊደሉ ብቻ ከአማርኛው ፎንት ይመጣል። ውጤቱ «5ኛ» ሲባል 5 ቀጭንና ትንሽ፣ ኛ ወፍራምና ትልቅ ሆኖ መታየቱ ነው። ለአማርኛ ኮርስ የአማርኛው ፎንት ቀድሞ ይጠራ። የገጹ የቋንቋ መለያም አማርኛ ተብሎ ይሞላ፤ ባዶ ሲተው ወይም እንግሊዝኛ ሲባል ጽሑፍን በድምፅ የሚያነቡ ሶፍትዌሮች ለማየት ለተሳነው ተማሪ የተሳሳተ ድምፅ ይመርጣሉ።

መጠንና ርቀት። ለአዋቂ ተማሪ ዋናው ጽሑፍ 18 ፒክሰል፣ የመስመር ርቀቱ የፊደሉ 1.7 እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው። የላቲን ትንንሽ ፊደላት በመስመሮች መካከል አየር ይተዋሉ፤ የእኛ ፊደል ቦታውን ይሞላልና በ1.2 ርቀት የላይኛው መስመር እግርና የታችኛው ራስ በጣም ይቀራረባሉ። ያን ጊዜ የሸ ሰረዝ የየትኛው መስመር እንደሆነች ለመለየት ያስቸግራል። ፊደል ለሚቆጥሩ የአንደኛና ሁለተኛ ክፍል ልጆች ከ28 ፒክሰል አይውረድ፤ በመማሪያ መጽሐፉና በስክሪኑ ላይ ያለው የፊደል ቅርጽም አንድ ዓይነት ይሁን። ልጁ ገና ቅርጹን እየያዘ ሳለ በየገጹ ሌላ ዓይነት ሀ ማየት የለበትም። መጠኑን የሚጽፈው ባለሙያ ቋሚ ልክ ከሚሰጥ ይልቅ ተጠቃሚው በስልኩ የመረጠውን የጽሑፍ መጠን በሚከተል ልክ ይጻፈው፤ ዓይኑ የደከመ መምህር ስልኩ ላይ ፊደል ሲያሳድግ ኮርሱም ማደግ አለበትና። እስከ 200% ሲያድግ ምንም ነገር እንዳይቆረጥ ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያም ይጠይቃል።

ግራና ቀኙን እኩል ማድረግ ይቅር። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፤ «እንደሚያስፈልጋቸው» 11 ፊደል ነው፤ በስልክ መስመር ላይ የሚገባው ደግሞ በ18 ፒክሰል 25 ፊደል ገደማ ነው። መስመሩ በግድ ሲለጠጥ በቃላቱ መካከል ሰፋፊ ጉድጓድ ይፈጠራል። ከግራ አሰልፉት፣ ቀኙን ልቀቁት።

ማጋደልን ፈጽሞ ተዉ። በግዕዝ ፊደል የተጋደለ ጽሕፈት ልማድ የለም፤ ፎንቶቹም የተጋደለ ቅርጽ አብሯቸው ስለማይመጣ ብሮውዘሩ ቀጥተኛውን ፊደል በግድ ይገፋዋል፣ እግሮቹም ይዘማሉ። ከላቲን የተወሰዱ የኮርስ ቅጾች ደግሞ ጥቅስን፣ ማስታወሻንና የሥዕል መግለጫን ሁሉ ያጋድላሉና ቅጹ ውስጥ ገብቶ ማጥፋት ያስፈልጋል። ከዚህ የሚብሰው የሐሰት ድምቀት ነው። የደማቁ ፎንት ፋይል ሳይጫን «ይድመቅ» ሲባል ብሮውዘሩ ያንኑ ቀጭን ፊደል ጎኑን አወፍሮ ይሥለዋል፤ የቀ፣ የመና የፀ ሆድ ይደፈናል። 700 ውፍረቱ እውነተኛ ፋይል ሆኖ ይጫን፤ በደማቅ የሚጻፈውም ቃል ወይም ሐረግ እንጂ ሙሉ አንቀጽ አይሁን።

ስለ ቀለም አጭር ነው። ከጀርባው ጋር ያለው ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን። በነጭ ላይ የቀለም ኮዱ 999999 የሆነው ግራጫ 2.85 ብቻ ነው፣ አይበቃም፤ 767676 ልክ ዳር ላይ ይደርሳል፤ 595959 ወደ 7 ይጠጋል። ቀጭን ሰረዝ ያለው ፊደል ስላለን እኛ የምንመርጠው የመጨረሻውን ወይም ከእሱ የጠቆረውን ነው።

አሁን ብዙ ጥፋት ወደሚደርስበት ቦታ እንምጣ፤ ወደ አሮጌው ጽሑፍ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር ወደሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር መስፈርት፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የተጻፉ የማስተማሪያ ጽሑፎች የተቀመጡት የአማርኛን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ባስቀመጡ ፎንቶች ነው። ለዓይን አማርኛ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የላቲን ፊደል ክምር ነው። ፎንቱ በሌለበት ስልክ ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል፤ ፒዲኤፍ ውስጥ ቢታይም አይፈለግም፣ አይቀዳም፤ በድምፅ አንባቢም አይነበብም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ኮርስ ውስጥ እንዳለ መግባት የለበትም። መጀመሪያ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ይለይ፣ ለዚያ ፎንት በተሠራ መቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ ይዞር፣ ከዚያ በሰው ዓይን ይታረም። ፎንቱ ሳይለይ መቀየር ግማሹን ፊደል ያዛባል፤ የተለያዩ አምራቾች ቦታውን ያከፋፈሉት በተለያየ መንገድ ነውና።

ከተቀየረም በኋላ ሁለት ስህተቶች ተሰውረው ይቀራሉ። አንደኛው ዐይኑ ዐ በዜሮ ቦታ መግባቱ ነው። «1ዐዐ»፣ «2ዐዐ0» ተብለው የተጻፉ ቁጥሮች በመሥሪያ ቤት ሰነዶች ውስጥ ሞልተዋል። ለዓይን ዜሮ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ፊደል ናቸው። የኮርሱ የፈተና ክፍል ትክክለኛው መልስ «1ዐዐ» ተብሎ ከተመዘገበ፣ 100 ብሎ የጻፈ ተማሪ ዜሮ ያገኛል፤ ለምን እንደሆነም መምህሩ እንኳ ሊያውቅ አይችልም። ማረሚያው ዘዴ አለው፦ ዐ ከአሃዝ ጎን ሲገኝ ብቻ በ0 ይተካ፤ ሁሉንም ዐ ብትተኩ «ዐይን»ና «ዐውድ» ይበላሻሉ። ዐ ከዐ ጎን የቆመባቸው ስላሉ ፍለጋው ምንም እስከማያገኝ ድረስ ይደጋገም። እንደ «ዐ.5» ያለውን ደግሞ ለብቻው ፈልጉት፣ ከነጥቡ የተነሣ በመጀመሪያው ፍለጋ ያመልጣልና።

ሁለተኛው አራት ነጥብ ነው። ብዙ ጸሐፊ አራት ነጥብን ራሱን በመጫን ፈንታ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ይመታል። በወረቀት ላይ ልዩነት የለውም። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የቃል መለያዎች እንጂ የዐረፍተ ነገር መጨረሻ አይደሉም። ከአራት ነጥብ በፊት ክፍተት መተውም ችግር አለው፤ መስመሩ እዚያ ላይ ካለቀ ነጥቡ ብቻውን ቀጣዩን መስመር ይጀምራል። ሁለቱም በአንድ ፈልጎ መተካት የሚያልቁ ናቸው፤ ግን መደረግ ያለባቸው ወደ ኮርሱ ከመግባታቸው በፊት ነው።

ከዎርድ የሚቀዳው ጽሑፍም የራሱን ቆሻሻ ይዞ ይመጣል። መምህሩ በኒያላ 12 የጻፈውን ቀድቶ ሙድል በሚባለው የኦንላይን ኮርስ ሶፍትዌር ውስጥ ሲለጥፍ የፎንቱ ስምና መጠኑ ከእያንዳንዱ አንቀጽ ጋር ተጣብቆ ይገባል፤ ገጹ ላይ ያወጣችሁትን ሕግ ሁሉ ይሽራል። አንዱ ትምህርት ደቃቅ፣ ሌላው ግዙፍ ሆኖ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው። ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ቪን አንድ ላይ ተጭኖ መለጠፍ ጽሑፉን ብቻ ያስገባል። አስቀድሞ የተለጠፈው ደግሞ ተመርጦ ቅርጹን የሚያጠፋው ቁልፍ ይጫንበታል። ቡስት በሚባለው የሙድል ገጽታ ላይ ፎንቱን በአንድ ቦታ ለሁሉም ኮርስ መወሰን ይቻላል፤ በገጽታው የላቀ ቅንብር ውስጥ የስታይል ትእዛዝ የሚጻፍበት ሳጥን አለ። የእያንዳንዱ መምህር ምርጫ ከመሆን የሚድነው በዚህ ነው።

ስለ ቪዲዮ ጠበቅ አድርገን እንናገራለን፣ ትምህርቱ በብዛት የሚተላለፈው በእሱ ነውና። መደበኛው ሰፊ የፓወር ፖይንት ስላይድ ቁመቱ 540 ነጥብ (ፖይንት የሚባለው የፊደል መጠን መለኪያ) ነው። ስለዚህ በ24 ነጥብ የተጻፈ ፊደል የስላይዱን ቁመት 4.4% ይይዛል። ቪዲዮው በ1080 ጥራት (በፒክሰል ቁመቱ) ሲታይ ይህ 48 ፒክሰል ነው፣ ግሩም ነው። ተማሪው ዳታ ለመቆጠብ ወደ 360 ሲያወርደው 16 ይሆናል፤ በ240 ወደ 10.7፣ በ144 ወደ 6.4 ይወርዳል። ቀደም ብለን ያሰላነው የቀለበት ቀዳዳ በ240 ላይ የለም ማለት ነው። በላዩ ላይ የቪዲዮ መጭመቂያው ጠርዞችን ያደበዝዛል። ስለዚህ ለስላይድ ዝቅተኛው 32 ነጥብ ይሁን፤ በ240 ላይ 14 ፒክሰል ገደማ ይሰጣል። ይህ በአንድ ስላይድ ላይ የሚጻፈውን ከስድስትና ሰባት መስመር በላይ እንዳይሆን ያስገድዳል፤ ለማስተማርም የሚበጀው ይኸው ነው። ቪዲዮው ከመለቀቁ በፊት ሙሉውን በ240 አንድ ጊዜ ማየት የማይዘለል ሥራ ይሁን። ስላይዱ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዞር ከሆነም በማስቀመጫ አማራጮቹ ውስጥ ፎንቶቹን ከፋይሉ ጋር አካትቶ የሚያስቀምጠው ምልክት ይደረግበት።

ጽሑፍን በፎቶ መልክ መለጠፍ፣ ማለትም የመጽሐፍ ገጽ አንሥቶ ኮርስ ማድረግ፣ የፎንት ጥያቄን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። አያድግም፣ አይፈለግም፣ ለማየት ለተሳነው ተማሪ ባዶ ነው። አሮጌ መጽሐፍ የግድ ካስፈለገ ምስልን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ መሣሪያዎች አሉ፤ ቴሰራክት የተባለው ነፃ መሣሪያ አማርኛን ያውቃል። የሚስታቸው ፊደላት ዓይናችንም የሚስታቸው ናቸው፤ ሣልስና ኃምስ፣ ሰና ሸ። አራሚው እነሱን ለይቶ ይፈልግ።

ለቋንቋ ትምህርት አንድ ነገር እንጨምር። አማርኛ ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ሌላ፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው። ለአፍ መፍቻ ተናጋሪ ችግር አይደለም፤ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል ለሚያድጉ ልጆች በሚዘጋጁ ኮርሶች ግን የማጥበቂያ ምልክቱ ከፊደሉ በላይ መግባት አለበት። ዩኒኮድ ምልክቱን ይዟል፤ አቢሲኒካ በትክክል ፊደሉ ራስ ላይ ያሳርፈዋል። ምልክቱን የማያውቅ ፎንት በጎን በኩል በነጠብጣብ ክብ ላይ አስቀምጦ ያሳየዋል ወይም ባዶ ሳጥን ያደርገዋል። እንዲህ ላለው ኮርስ የፎንቱ ምርጫ በዚህ ምልክት ይፈተን።

የክልል ቢሮዎችን በተለይ የሚመለከት ጉዳይም አለ። በግዕዝ ፊደል የሚጻፉ ሌሎች ቋንቋዎቻችን አማርኛ የሌሉት ፊደላት አሏቸው። ለጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ የሚሆኑት ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት በ2010 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለጉራጌ የቅርብ ጊዜዎቹ የተጨመሩት ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ስልክና ፎንት እነዚህን አያውቃቸውም፤ ባዶ ሳጥን ያሳያል። ፋይሉን ለማቅለል ሲባል ፎንቱን ለአማርኛ ብቻ ቆርጦ ማስቀረት የተለመደ ነው፤ ኮርሱ ከአንድ በላይ ቋንቋ ካለው ይህ መደረግ የለበትም። የቅርብ ጊዜውን የፎንት ዕትም ማውረድና ሁሉንም ፊደል በስክሪን ላይ በዓይን መቁጠር ያስፈልጋል። የአንድ ቋንቋ ልጆች ፊደላቸው በሳጥን ተተክቶ የሚማሩበት ኮርስ ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም።

ፍተሻው ግማሽ ቀን አይፈጅም። በኮምፒውተር ክሮም ላይ ገጹን ከፍቶ በገንቢዎች መሣሪያ ውስጥ አንድ አንቀጽ ሲመረጥ፣ ጽሑፉ በእርግጥ የተሣለበትን ፎንት ስምና ስንት ፊደል ከየትኛው እንደመጣ ከታች ያሳያል። እዚያ ላይ የመረጣችሁት ፎንት ብቻ መታየት አለበት፤ ሌላ ስም ካለ ሌላ ፎንት የሆነ ቦታ ሾልኮ ገብቷል። ከዚያ ገበያ ላይ ካሉት ርካሽ የሆነውን ስልክ ውሰዱ፣ የስክሪኑን ብርሃን በግማሽ ቀንሱ፣ ከቤት ውጭ ቁሙ። ከዚህ በታች ያያያዝነውን የሙከራ መስመር ኮርሱን ለማያውቁ አምስት ሰዎች ስጡና ድምፃቸውን አሰምተው ያንብቡ። ቃላቱ ዐረፍተ ነገር እንዳይሠሩ ሆነው የተደረደሩት አንባቢው እንዳይገምት ነው። አንድ ሰው እንኳ አንድ ቃል ቢስት መጠኑን በ2 ፒክሰል ጨምራችሁ እንደገና አስነብቡ። አሁንም ከሳተ ፎንቱ ይቀየር።

በውሉ ውስጥ እንዲገቡ የምንጠይቃቸው እነዚህ ናቸው። የፎንቱ ስም፣ ዕትምና ፈቃድ ተጽፎ ፋይሉ ከኮርሱ ጋር እንዲረከብ፤ ሁሉም ጽሑፍ በዩኒኮድ እንዲሆን፣ በዜሮ ቦታ ዐ፣ በአራት ነጥብ ቦታ ሁለት ጊዜ የተመታ ሁለት ነጥብ ከተገኘ ሥራው እንዳላለቀ እንዲቆጠር፤ የጽሑፍ መጠን፣ የመስመር ርቀትና የስላይድ ዝቅተኛ ልክ በቁጥር እንዲቀመጥ፤ ቪዲዮው በ240 ታይቶ እንዲጸድቅ፤ የሙከራ መስመሩ በርካሽ ስልክ ተነብቦ ውጤቱ ከርክክብ ሰነዱ ጋር እንዲያያዝ። የመጨረሻ ክፍያ ከዚህ በኋላ ይፈጸም። አስቀድመው ለተሠሩ ኮርሶች ሁሉንም በአንዴ ማረም አይቻልም፤ ከታችኛው ክፍልና ከሒሳብ ይጀመር፣ አንዲት ሰረዝ መልስ የምትቀይረው እዚያ ነውና።

ከሰላምታ ጋር

የግዕዝ ፎንት፣ የትምህርት ድረ ገጽና የኮርስ ይዘት ባለሙያዎች

አባሪ፣ የሙከራ መስመር፦ ሸጠ፣ ዳና፣ ሴንቲሜትር፣ ባል፣ ጀመረ፣ ጫት፣ ሚሊሜትር፣ በል፣ ዳኛ፣ 100፣ ደመረ፣ ዐይን፣ ጣት፣ ሰጠ፣ ቴሌቪዥን፣ 2010።

ግልባጭ፦
ለመማሪያ መጽሐፍ አሳታሚዎች
ለኦንላይን ኮርስ አዘጋጆች
በውጭ አገር ለሚገኙ የአማርኛ ቋንቋ ትምህርት ቤቶች
ባላችሁበት